የዓሣው ግራ ጎን

በእኛ ብሎክ ሰው ከሰው ሲገናኝ አስቀድሞ የሚጠየቀው ዓሣው ነው። «እንዴት አደራችሁ? ዓሣውስ?» ይባላል። «እግዜር ይመስገን፣ በልቶ አደረ» ብሎ መመለስ ወግ ነው። ዓሣው ባይበላም እንዲሁ ይባላል። የሰው ጤና የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ፣ ጊዜ ከተረፈ ነው።

ኤልዳና እባላለሁ፤ ዕድሜዬ ስድሳ አንድ ነው። ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ስለሠራሁ ነገርን በተራው መናገር እወዳለሁ። ስለዚህ ከቤቱ እጀምራለሁ።

ቤቱ በዕጣ የደረሰኝ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ነው። ቀይ ባሕር እንደ ሻይ ሞቆ ዓሣው ማለቅ ሲጀምር፣ የተረፈውን ወደ ደጋ አውጥቶ በየሰዉ ቤት ማኖር ይሻላል ተባለ። ውሃ ከማቀዝቀዝ ማሞቅ ይረክሳል አሉ። ደብረ ብርሃን በብርዷ ተመረጠች፣ ባሌ ጎባም እንደዚሁ። ባሕር የለንም እያልን ስንቆጭ የኖርን ሰዎች፣ ባሕሩ ተቆራርሶ በየሳሎናችን ግድግዳ ገባልን። ጨው ከአፍዴራ በመኪና ይመጣል፤ ዓሣው በዕጣ ይመጣል፤ ቤቱ ከዓሣው ጋር ይመጣል።

ውሉ ሦስት ገጽ ነበር። ዓሣው በሕይወት እስካለ ቤቱ የእኔ ነው። ዓሣው ከሞተ በሠላሳ ቀን ውስጥ እለቃለሁ። ከቤቴ ወጥቼ ከስድስት ሰዓት በላይ አልቆይም። የውሃው ጥራት፣ ከመቶ ተለክቶ፣ ከሰባ አይወርድም። ይህ ዓይነት ዓሣ በደንብ ከተያዘ ሠላሳ ዓመት ይኖራል ሲሉን አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። እኔም እልል ብያለሁ። የሠላሳ ዓመት ቤት አገኘሁ ብዬ ነው እንጂ ሌላውን አላሰብኩትም ነበር።

የመስተዋት ገንዳው ግድግዳው ውስጥ ገብቶ የተሠራ ስለሆነ ከፊት ለፊት ብቻ ነው የሚታየው። ትይዩው፣ ኮርኒሱ ላይ፣ ዓይን የምንለው ነገር አለ። ዓይኑ ቀኑን ሙሉ ውሃውን ይለካል፤ ጠዋት ልክ በአራት ሰዓት ደግሞ ዓሣውን አንድ ፎቶ ያነሳል። ፎቶውን የባሕር አደራ ጽሕፈት ቤት ያየዋል። ከጽሕፈት ቤቱ ሌላ ከሩቅ አገር የሚያዩት ሰዎች አሉ ይባላል። ማን እንደሆኑ አልተነገረንም። ውሃው ጥርት ካላለ ቅር እንደሚላቸው ግን በየስብሰባው ተነግሮናል።

ዓሣዬ መዳፍ ያህላል። ሐምራዊ ነው፤ ጅራቱ ቢጫ። ቁጥሩ አርባ ሦስት ነው። ስም አላወጣሁለትም፤ ፈርሜ ለተረከብኩት ነገር ስም የማውጣት ልማድ የለኝም።

ልጄ አጸደ ጎባ ናት። እሷም ቤት በዕጣ ደርሷት ዓሣ ታሳድራለች። ከደብረ ብርሃን ጎባ በስድስት ሰዓት ደርሶ መመለስ ይቅርና ለመሄጃውም አይበቃም፤ ስለዚህ አምስት ዓመት በስልክ ካልሆነ በቀር አልተያየንም። ሰባተኛ ወሯን የጨረሰች ሰሞን ደወለች።

«እማዬ፣ ትመጫለሽ አይደል?»

«እመጣለሁ።»

«ለማለት ያህል እንዳትይኝ።»

«እኔ ለማለት ያህል ስናገር ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

«ጥላዬ አለ፤ ግን ጥላዬ ያው ጥላዬ ነው።»

ጥላዬ ባሏ ነው። ደግ ልጅ ነው፤ ደም ሲያይ ይወድቃል።

«አንቺን ስወልድ እናቴ ወገቤን ይዛኝ ነበር» አልኳት። ይህን ማለት አልነበረብኝም። አንዴ ካልኩት በኋላ ግን መሄድ ግዴታ ሆነብኝ።

የመውጫ ፈቃድ ደንቡን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ አውቀዋለሁ። አርባ ተከታታይ ቀን ጥራቱ ከዘጠና አምስት አይወርድም። ዓሣው በፎቶ ጤነኛ መሆን አለበት። ከዚያው ብሎክ አንድ ሰው ዓሣውን ፈርሞ ይረከባል። ይህ ከተሟላ አሥራ አምስት ቀን ይሰጣል፤ ከዚያ በላይ የለም። እንግዳ የሚቀበለው ቤትም ቢሆን እንግዳው እስኪመለስ ከዘጠና አምስት መውረድ የለበትም፤ ከወረደ እንግዳው በማግስቱ ይሸኛል። ቤት ውስጥ ሰው ሲበዛ ዓሣ ይዘነጋል የሚል እምነት አላቸው።

የእኔ ውሃ ሰማንያ ስድስት ነበር።

ውሃን የሚያጠራው ከሰል ነው። ምድጃ ላይ የምናውቀው ዓይነት አይደለም፤ እንደ ቁንዶ በርበሬ የደቀቀ የማጣሪያ ከሰል ነው፤ በስስ ከረጢት ሆኖ ይመጣል። የዓሣው ኩስና የሚበላው ጎመን ውሃውን እያደር ቀጭን ሻይ ያስመስሉታል። ከሰሉ ያንን ቀለም ይውጠዋል። ጽሕፈት ቤቱ በየወሩ አንድ ከረጢት ይሰጣል። ደንቡ፣ ከረጢቱ ገንዳ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የሚወርደው ውሃ ጥቁር መሆኑን እስኪያቆም ድረስ ይታጠብ ይላል። ይህ ሁለት ጄሪካን ውሃ ይፈጃል። ቧንቧ የሚመጣው በፈረቃ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ነው። ደንቡን የጻፈው ሰው ቤት ውሃ በየቀኑ ይመጣ ይሆናል።

ከጎረቤት የተረፈ ከረጢት ለምኜ በአንዱ ፈንታ አራት ከተትኩ። አላጠብኳቸውም። ሁለቱን ጄሪካን የአጸደን የሕፃንነት ጨርቆች አጠብኩበት። ሠላሳ ዓመት ሻንጣ ውስጥ ተቀምጠው ብል ብል ይሸቱ ነበር፤ ለአራስ ልጅ እንዲያ ሆነው አይወሰዱም። ጨርቆቹን በረንዳ ላይ ሳሰጣ ደስ ብሎኝ ነበር። ከረጢቶቹም ቢሆኑ ጥቁር ነገር ምን ንጹሕና ቆሻሻ አለው ብዬ ንቄአቸው ነው።

በሦስተኛው ቀን ዘጠና አንድ ገባ። በአምስተኛው ዘጠና ስድስት ሆነ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አርባዬን መቁጠር ጀመርኩ። ውሃው ከመጥራቱ የተነሳ የሌለ ይመስል ነበር። ዓሣው አየር ላይ ተንሳፍፎ የቆመ ይመስለኝ ነበር። ጎረቤቶች እየመጡ ያደንቁ ጀመር፤ አንዷ እንዲያውም ጫማዋን አውልቃ ገባች። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል የምሰማው ስለ ወንዝ ነበር።

በቆጠራዬ በአሥራ ሰባተኛው ቀን ጎመን ልሰጠው ስጠጋ በግራ ጎኑ፣ ከዓይኑ በላይ፣ ሦስት ነጥቦች አየሁ። በመርፌ የተወጋ ይመስላል። በሃያ አንደኛው ቀን ነጥቦቹ ተገጣጥመው ቦይ ሠሩ፤ ቀለሙ ተልጦ ነጩ ሥጋ ታየ።

ሐኪም ብጠራ ይመዘገባል። ስለዚህ ፋርማሲ ሄጄ «ለጎረቤት ነው» አልኩ።

«ሁሉም ለጎረቤት ነው» ብሎ ሻጩ ጠርሙሱን ሰጠኝ። ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም።

ጠርሙሱ ላይ «ከሰሉን አውጥተው ይጠቀሙ» የሚል ተጽፏል። አላወጣሁም። ካወጣሁ ጥራቱ ይወርዳል፤ ከወረደ ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል፤ አጸደ ደግሞ እንደገና ከሰባተኛ ወር አትጀምርም። አምስት ቀን መድኃኒት ጨመርኩ። ቦዩ ወደ ጆሮ ግንዱ፣ ዓሣ ጆሮ ግንድ ካለው፣ እየሄደ ነበር።

በሃያ ስድስተኛው ቀን ምድር ቤት ወርጄ የጋሽ ኢዮስያስን በር አንኳኳሁ። ጋሽ ኢዮስያስ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ጡረታ እስኪወጡ የውሃ ማጣሪያ መካኒክ ነበሩ። ብቻቸውን ይኖራሉ። የእሳቸው ውሃ ሁልጊዜ ሰባ ሁለት ነው፤ ቢጫ ነው፤ በስብሰባ ላይ ለመጥፎ ምሳሌነት የሚነሳው የእሳቸው ቁጥር ነው። ደረጃውን በቀስታ ወጥተው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው ዓሣውን አዩት። ከዚያ አንዱን ከረጢት ሳብ አድርገው በነጭ ሶፍት አሹት። ሶፍቱ ጠቆረ።

«አልታጠበም» አሉኝ።

«ውሃ አልነበረም።»

«ፈረቃው በሳምንት ሁለት ቀን አይደል? ውሃውን ምን አደረግሽው?»

«ጨርቅ አጠብኩበት። ለአጸደ ልጅ።»

ሶፍቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

«ፊቱን የሚበላው የከሰሉ ዱቄት ነው» አሉ። «እንዴት አድርጎ እንደሚበላው አልነግርሽም፤ አላውቀውም። ግን ስንቱን አይቻለሁ። ከሰሉ ሲበዛ ይበሳሳል፣ ሲወጣለት ቀስ እያለ ይሽራል። መድኃኒቱን ደግሞ ያጠጣሽው ለከሰሉ ነው። ዓሣው አልቀመሰውም።»

«ካላወጣሁትስ?»

«መብላት ያቅተዋል። መጀመሪያ ጎመኑን ይስተዋል፤ ሲነክስ ያመልጠዋል። ከዚያ ጨርሶ ይተወዋል። ከዚያ በኋላ የሚያተርፈው የለም።»

«ካወጣሁት ጥራቱ ይወርዳል።»

«ይወርዳል።»

«አሥራ አራት ቀን ነው የቀረኝ፣ ጋሽ ኢዮስያስ።»

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ።»

ለክፋት አልነበረም ያሉት፤ እኔ ግን ተናደድኩ። እውነት ሲነግሩኝ እናደዳለሁ፤ ይህ የቆየ ጠባዬ ነው።

«እርስዎ ልጅ ስለሌለዎት ነው» አልኳቸው።

«የለኝም» አሉ። «ወንድም ነበረኝ። ቀብሩን በስልክ ነው ያየሁት፤ መሃል ላይ ኔትወርኩ ሄደ። ዘጠና አምስት ላገባ እችል ነበር እኮ፤ እንዴት እንደሚገባ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ግን ዓሣው አብሮኝ ይኖራል። ፊቱን እየበላሁ አልወጣም ብዬ ተውኩት።»

«ከአርባው ቀን በኋላ አወጣዋለሁ» አልኳቸው።

«እሺ» ብለው ወረዱ።

ያን ቀን ማታ ብዙ አለቀስኩ። ለዓሣው ይሁን ለራሴ አልለየሁትም። ጠዋት ተነስቼ ግን ሥራዬን ጀመርኩ።

ሥራው እንዲህ ነው። ዓሣ ወደ ቀኝ ሲዞር የሚታየው ቀኝ ጎኑ ነው። የታመመው ግራው ነው። አራት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው የጎመን ቅጠል በልብስ መቆንጠጫ ይዤ በገንዳው ቀኝ ጫፍ እሰቅላለሁ። ዓሣው ይሄድና ወደ ቀኝ ዞሮ ይበላል። ዓይኑ ፎቶውን ያነሳል። ስልኬ ላይ «ዓሣዎ ጤናማ ነው፤ እናመሰግናለን» የሚል ይመጣል። ከዚያ ቅጠሉን አነሳለሁ። በመጀመሪያው ቀን በሬን ቆልፌ ነበር፤ በአራተኛው ቀን ሬዲዮ እያዳመጥኩ ነበር የማደርገው። ዓሣው ግን ቶሎ ተማረ። አራት ሰዓት ሲቃረብ ቅጠሉን ሳልሰቅልለት ራሱ ቀኝ ጫፍ ሄዶ፣ ደህናውን ጎኑን ሰጥቶ ይጠብቀኝ ጀመር። ያንን ሳይ አፈርኩ።

በሠላሳ ስድስተኛው ቀን በቀኙም አንድ ነጥብ ወጣ። ፎቶው አላየውም።

አርባው ሞላ፤ ፈቃዱ መጣ። አጸደ ዘጠነኛ ወሯን አጋምሳለች። የቀረው ተረካቢ ነው። ከጋሽ ኢዮስያስ በቀር ዓሣ የሚያውቅና እሺ የሚለኝ ሰው ብሎኩ ውስጥ አልነበረም። እንደገና ወረድኩ። የሚፈርሙበት ጽሑፍ አንድ መስመር ነው፦ «ዓሣውን በሁለቱም ጎን አይቼ ጤነኛ ሆኖ ተረክቤአለሁ።» ተቆጣጣሪ ድንገት ቢመጣና ዓሣው ታሞ ቢገኝ ቤቱን የሚያጣው ፈራሚው ነው፤ ያውም የራሱን ቤት። ይህን ሁለታችንም እናውቃለን።

ሳሎኔ ገብተው መቆንጠጫውን ከጠረጴዛው ላይ አነሱና ቅጠሉን በግራ ጫፍ ሰቀሉት። ዓሣው ግራ ገብቶት ቆመ። ቆይቶ ቆይቶ ዞረ። ቦዩ ከዓይኑ ተነስቶ እስከ ክንፉ ሥር ደርሶ ነበር። ጋሽ ኢዮስያስ ረዥም ጊዜ አዩት። ከዚያ ስልኩን ተቀብለው በጣታቸው ፈረሙ።

«ለምን?» አልኳቸው።

«ምጥ ፎርም አይጠብቅም» አሉ። «አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። አንቺ ከበሩ እንደወጣሽ ከሰሉን አወጣዋለሁ።»

«አሥራ አምስት ቀን ብቻ ይተዉት። እስክመለስ።»

«አይሆንም።»

«በእርስዎ ስም ነው የሚወርደው።»

«በእኔ ስም ስንት ዓመት ሲወርድ የኖረ ነው። ከሰባ አላወርደውም፤ እሱን ተይው። ተቆጣጣሪ ከመጣ መጣ። ካልመጣ ስትመለሺ የተሻለ ፊት ይቆይሻል።»

ቁጥሬ አንዴ ወደ ሰባዎቹ ከወረደ፣ የተበላ ፊት ያለው ዓሣ ይዤ ሁለተኛ አርባ ቀን መቁጠር እንደማልችል ገባኝ። ይህ ጉዞ አንድ ነው፤ ሌላ የለም። እሺ አልኳቸው። ሰው ስለ እኔ ቤቱን ሲያሲዝ እያየሁ እሺ አልኩ። ደግሞም ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልደብቅም።

ሊነጋጋ ሲል ተሳፈርኩ። የታጠቡትን ጨርቆች ጭኔ ላይ አድርጌ ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ አገር ሳይ እንዴት እሆናለሁ ብዬ ነበር፤ አላየሁትም፤ ስልኬን ሳይ ነበር። ዝዋይን እንዳለፍን አራት ሰዓት ሲሆን አውቶቡሱ ጸጥ አለና ሁሉም ሰው ስልኩን አወጣ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ወደ እኔ ዘንበል አለች።

«ስንት ነው?»

«ዘጠና ስድስት። ትናንት ዘጠና ሰባት ነበር።»

«አይዞሽ» አለችኝ፣ ሰው እንደሞተብኝ ሁሉ።

ሻሸመኔ ስንደርስ ጥላዬ ደወለ። ሴት ልጅ ተወልዳለች። ሁለቱም ደህና ናቸው፤ ጥላዬ ግን ወድቆ ግንባሩን ተሰፍቷል። የሰባት ሰዓት መንገድ ሄጄ በአምስት ሰዓት መንገድ ዘገየሁ። መስኮቱን አየሁ፤ እያለቀስኩ ሳቅሁ።

በማግስቱ አጸደና ልጅቷ ከጤና ጣቢያ ወደ ቤት ተመለሱ፤ ዓሣውን ጥላዬ ጠብቆት አድሮ ነበር። አጸደ ከስታለች፤ ዓይኖቿ ገቡ እንጂ ድምፅዋ ያው ነው። ምጡ እንዴት እንደጀመራት፣ እንዴት እንደተፋፋመ፣ ወገብ ማለት ምን እንደሆነ በዝርዝር ታስረዳኝ ጀመር።

«ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች» አልኳት።

ሳቀች፤ ስፌቱ አመማትና እየሳቀች አለቀሰች። ሕፃኗን በእናቷ ጨርቅ ጠቀለልኳት። ያን ቀን ቁጥሬ ዘጠና ሦስት ሆኖ ነበር። አላስጨነቀኝም። ዓሣዬ አሁን የትኛውን ጎኑን ለማን እንደሚያሳይ ሳስብ ግን ጋሽ ኢዮስያስን ናፈቅኩ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጥላዬ ሥራ ሄዷል። አጸደ ሳሎን በተዘረጋላት አልጋ ላይ ሆና ታጠባለች። እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ።

«እማዬ፣ አራት ሰዓት ሊሆን ነው» አለች። «ማቀዝቀዣው ውስጥ ጎመን አለልሽ። አንዱን ቅጠል ለዓሣው ስቀዪለት። በግራ በኩል ይሁን፤ በቀኝ እንዳታደርጊው።»

እጄን በቀሚሴ ጠረግሁ። መቆንጠጫው ከገንዳው ጠርዝ ላይ ነበር። ከመጣሁ ጀምሮ ውሃው እንዴት እንደጠራ አይቼ ነበር፤ ግን ያየሁት ልጅቷን ነበርና ነገሬም አላልኩት። አሁን ቆሜ አየሁት። የሌለ ይመስላል።

ቅጠሉን በቀኝ በኩል ሰቀልኩት።

ዓሣው አመነታና መጣ። ቀኝ ጎኑ ከዓይኑ እስከ ጅራቱ ሥር ተልጧል። የእኔው ዓሣ ቁስል የዚህን ግማሽ አያህልም። ቅጠሉን ነከሰ፤ ሳተው። እንደገና ነከሰ፤ ሳተው። በሦስተኛው አገኘው።

ቅጠሉን ወደ ግራ አዛወርኩ። ዓይኑ ፎቶውን አነሳ። የአጸደ ስልክ ትራሷ ሥር ጮኸ፤ ምን እንደሚል አውቀዋለሁ።

«ስንት ቀን ሆነው?» አልኳት።

«ምኑ?»

«አጸደ።»

ልጅቷን ወደ ሌላው ጡት አዛወረች። ፊቷን ያዞረችው ለዚያ ይመስል።

«ሃምሳ ይሆነዋል። ከዘጠና አምስት በታች እንግዳ አይገባም አሉኛ። ካልሆነ እንዴት ትመጫለሽ?»

«ከሰሉ ታጥቧል?»

«በምን ውሃ?»

አንገቴን ደፋሁ። አንድ ቤት ውስጥ እናት ወደ ልጇ ልትሄድ፣ ሌላ ቤት ውስጥ ልጅ እናቷን ልታስገባ፣ ሁለት ዓሣ ነው የበላነው።

«አንቺ ስትሄጂ አወጣዋለሁ» አለች። «አሥራ ሁለት ቀን ነው የቀረው፤ ምንም አይሆንም።»

እኔ ለጋሽ ኢዮስያስ ያልኩት ነው። ድምፁም የእኔ ነው።

«ቅጠሉን እየሳተው ነው» አልኳት። «አሥራ ሁለት ቀን የለውም። ከሞተ ደግሞ በሠላሳ ቀን ውጡ ትባላላችሁ። ይቺን ይዛችሁ የት ትሄዳላችሁ?»

እጅጌዬን ሰበሰብኩ።

«እማዬ፣ አትንኪው። ከወረደ በማግስቱ ይመልሱሻል።»

«አውቃለሁ።»

«እኔስ?»

እጄን እስከ ክርኔ ከተትኩ። ውሃው ለብ ያለ ነበር። ዓሣው ጥግ ይዞ አየኝ። አንዱን ከረጢት አወጣሁ፣ ሌላውን አወጣሁ፤ ስድስት ነበሩ። ወለሉ ላይ ደረደርኳቸው፤ ጥቁሩ ውሃ እየተንጠባጠበ ወደ አልጋው ሥር ሄደ። አጸደ እያለቀሰች ታየኝ ነበር፤ ግን ተይ አላለችኝም፤ ልጅቷም አልነቃችም።

አፍንጫዋን ጠረገች።

«ስንት ቀን ይፈጃል?»

ስልኬን አየሁ። ጋሽ ኢዮስያስ ዘንድ ዛሬ ዘጠና ሆኗል። ከዘጠና አምስት የወረደው በሁለተኛው ቀን ነው።

«ሁለት ቀን» አልኳት። «ያንቺ ገንዳ ሰፋ ስለሚል ምናልባት ሦስት።»

«ሦስት ቢሆን ጥሩ ነበር።»

«ጥሩ ነበር።»

ኮርኒሱ ላይ ያለው ዓይን ገና ዘጠና ሰባት ይል ነበር። ወለሉን ወልውዬ እጄን ታጠብኩና አልጋው አጠገብ ቆምኩ።

«በይ ልጅቷን ስጪኝ፤ ላጥባት» አልኳት። «ዛሬ ፈረቃችሁ ነው አላልሽም?»

«እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው የሚቆየው።»

«ይበቃናል» አልኩና ሳፋውን ከቧንቧው ሥር አደረግሁት።